ዋስ ፍለጋ ወደ ቁሐር ሚካኤል

ዳባት ያሉ ዘመዶቼ ፎገራን የሚያውቁት በላሙና በቅቤው ነው። ገበያ ላይ ቀንዷ ያጠረ፣ ጡቷ የሞላ ላም ሲያዩ «ይቺስ የፎገራ ናት» ይላሉ እንጂ አገሩን የረገጠ ከመካከላቸው የለም። እኔም በሃምሳዎቹ መጀመሪያ እስከዚያ ጥቅምት ድረስ ከእነሱ የተሻልሁ አልነበርሁም። ግራ እግሬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሰለለ ነው። በምርኩዝ ስለምሄድ፣ ጎንደር ከተማ ከቤቴ እስከማስተምርበት ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ለእኔ በቂ ጉዞ ነበር። ይህን የምጽፈው ለዘመዶቼና እንደ እኔ ሩቅ መሄድ ለማይሆንላቸው ሰዎች ነው።

የጉዞው ምክንያት ከወህኒ ቤት ይጀምራል። የጽዋ ማኅበራችን በየወሩ ለእስረኞች እንጀራ ይዞ ይሄድ ነበር፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ፊደል አስቆጥር ነበር። ከማስተምራቸው መካከል ዓይናቸው የጠፋ፣ እግራቸው የከዳቸው ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የተፈረደባቸውን ዘመን ጨርሰው ሳሉ አልወጡም። በዚያን ጊዜ ልማድ፣ ሰው ገድሎ የታሰረ ሲፈታ መሬት ያለው ዋስ መጥራት ነበረበት። ጤነኛውን ወንድሙ ወይም አማቹ ይዋሰዋል፤ ነገ አርሶ ውለታውን ይመልሳል። ዓይነ ስውሩን ግን የሚዋስ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን የምጦረው እኔ ነኝ ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ዘመድ ይቀራል፣ ሰውየው ይቀመጣል። ማንም ክፉ ሳይሆን ሰው እንዲሁ ይረሳ ነበር።

ማኅበራችን አቤት አለ። ዓይኑ ለማያይ፣ እግሩ ለማይሄድ እስረኛ በባለ መሬት ዋስ ፋንታ የደብሩ ቃል ይብቃው ስንል ለመንን። ምክትል አገረ ገዥው በትዕግሥት ሰሙንና እንዲህ አሉ፦

«የትኛው ደብር ነው ነፍሰ ገዳይ፣ ያውም ሽባ፣ ተቀብሎ ቃሉን የሚሰጥ? አንድ አሳዩኝ። አንድ ካየሁ ስለ ሌሎቹ አዛለሁ።»

ያ አንድ ሰው ፍርዱን የጨረሰው አለባቸው እንዲሆን ተስማማን። አለባቸው የቁሐር ሚካኤል ሰው ነው። በጉብዝናው በግጦሽ ተጣልቶ ተገኘ የሚባል ጎረቤቱን በዱላ መታው፤ ተገኘ ሞተ። አለባቸው ወደ ሐይቁ ዳር ሸሽቶ ደንገል ውስጥ ተደበቀ። የረኃብ ዓመት ነበርና ወራት ሙሉ የበላው ጓያ ብቻ ነው። ጓያ ብቻውን ሲበላ እግር እንደሚሰብር ፎገራ ያልሰማ የለም፤ የራበው ሰው ግን ይበላዋል። አንድ ቀን ጧት ሊነሣ ሲል ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። እየዳኸ መንገድ ወጣና እጁን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ የሚሄደው በሁለት እጁ ሁለት አጫጭር እንጨት ጨብጦ፣ መሬቱን እየገፋ ነው። ወህኒ ቤት ከቃጫ ገመድ መግመድ ተማረ፤ እጁም ክንዱም እንደ ብረት ነበር።

ማክሰኞ ጧት ተነሣን። ሦስት ነበርን፤ አለባቸው፣ እኔና ደምለው የሚባል ወታደር። ደምለው የታዘዘው፣ ደብሩ በወረዳው ግዛት ቤት ፊት ቃሉን ከሰጠ አለባቸውን እዚያው እንዲተወው፣ ካልሰጠ እንዲመልሰው ነው። የተሳፈርንበት ጨው የጫነ፣ ጣልያን ጥሎት የሄደ አሮጌ መኪና ነበር። ሹፌሩ የእኔን ምርኩዝና የአለባቸውን እንጨቶች አየና ደምለውን ጭነቱ ላይ አወጣው።

«ሁለቱ ከእኔ ጋር ይቀመጡ፤ ባለ ጠመንጃው ከጨው ጋር» አለ። ደምለው ቅር ቢለውም ወጣ።

አዘዞን፣ ማክሰኚትን አለፍን። እኔ ከወገራ ብርድ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በእኛ አገር መንገድ ማለት ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል ነው። ወደ እንፍራዝ ስንቃረብ በቀኝ በኩል ሐይቁ ታየኝና ለጥቂት ጊዜ ሰማይ መስሎኝ ነበር። አለባቸው ግን ሐይቁን አላየም። አንገቱን ደፍቶ እጁን ይፈትግ ነበር።

ሹፌሩ ወሬ ይወዳል። «ወንዛዬ አልሄዳችሁም?» አለን። «ፍል ውኃው ስንቱን አስነሥቷል። ሁለታችሁም ሰባት ሰባት ቀን ብትነከሩ ምርኩዙን እዚያው ጥላችሁ ትመለሱ ነበር።»

ይህን ምክር በዚያ ሳምንት ያልሰጠን ሰው የለም። አዲስ ዘመን ያደርንበት ቤት ባለቤት ነገረን፤ ጎማችን ፈንድቶ ስንቆም ያገኘናቸው ነጋዴዎች ነገሩን። በመጨረሻ አለባቸው ለአንዱ «አባቴ፣ እኔ ውኃ አልቸገረኝም፤ የቸገረኝ ዋስ ነው» ብሎ መለሰለት።

ረቡዕ ረፋድ ላይ የርብን ድልድይ ተሻገርን። ከዚያ ወዲያ አገሩ ተዘረጋ። ዳባት ላይ ሰው ማሳውን የሚያውቀው በድንጋይ ካቡ ነው፤ እዚህ ድንጋይ የለም። ኑጉ አብቧል፤ ጤፉ አረንጓዴ ነው፤ በየመካከሉ ገና ያልሸሸ የክረምት ውኃ ያንጸባርቃል። ከብቱ ሆዱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይግጣል። አለባቸው አሁን ቀና አለ። ሹፌሩን አልፎ በመስኮቱ እያየ ማሳውን በባለቤቱ ስም መጥራት ጀመረ። አንዳንዱን ይጠራና «እሱ እንኳ ሳይሞት አልቀረም» ይላል።

ወረታ ያን ጊዜ በደብረ ታቦር መገንጠያ ዙሪያ የተሰበሰበ ጥቂት ቤት ነበር። ያረፍነው ጠላ ከምትሸጥ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከምትባል ሴት ቤት ነው። ደምለው እንደ ደንቡ ማታ የአለባቸውን እጅ በሰንሰለት ሊያስር ሲል ወይዘሮ ጥሩወርቅ አየችው።

«ምን ታደርጋለህ?» አለችው።

«እንዳያመልጥ ነው እመቤቴ።»

«በምኑ?»

ሰንሰለቱን ተቀብላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችውና አለባቸውን ከበሩ አጠገብ አስነሥታ መደቡ ላይ ቁርበት አነጠፈችለት። እሷው ራሷ እግሩን በሞቀ ውኃ አጠበችው። ለራታችን የዓሣ ወጥ ሠራች። እኛ ዳባቶች ዓሣ አንበላም፤ ውኃ ውስጥ የሚኖር ነገር ምግብ አይመስለንም። እኔም ስለ ጾሙ አመካኝቼ ልተው ስል «ለረቡዕማ የተፈጠረ እሱ አይደል?» አለችኝ። አፈርሁና በላሁ፤ ጣፈጠኝ፤ አጥንቱ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ሦስቱም ተረባርበው ደረቅ እንጀራ እያጐረሱ አወረዱልኝ። ነፍሰ ገዳዩ፣ ወታደሩና ጠላ ሻጯ ጀርባዬን ሲደቁኝ ያየ ሰው ምን ይል ነበር።

ሐሙስ ወደ ቁሐር ለመሄድ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በቅሎ አዋሰችን። በቅሎዋ አንድ፣ እግረ ቢሶቹ ሁለት። እኔ አለባቸው ይቀመጥ አልሁ፣ እሱ መምህር ይቀመጡ አለ፤ በዚህ ስንከራከር ደምለው አለባቸውን ታቅፎ ኮርቻው ላይ አስቀመጠው። ከከተማው እንደወጣን ምርኩዜ ከዳኝ። የፎገራ ዋልካ ጥቁር፣ እንደ ሊጥ የሚያጣብቅ አፈር ነው። ምርኩዙን ስተክል ይሰምጣል፤ ስነቅል ጫማዬን አብሮ ይነቅላል። ሁለት ሦስት ጊዜ በግንባሬ ወደቅሁ። አለባቸው ከበቅሎዋ ላይ ሆኖ መጀመሪያ አዘነልኝ፣ ኋላ ሳቁን መያዝ አልቻለም። እስር ቤት ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከቁሐር በፊት ሞልቶ የተኛ ውኃ አለ። በደንገል ታንኳ የሚያሻግሩ አንድ አዛውንት አገኘን። አለባቸውና እኔ ታንኳው ላይ ተቀመጥን፤ ደምለው በቅሎዋን እየሳበ በእግሩ ገባ። መካከል ላይ ጉድጓድ ረግጦ እስከ አንገቱ ሰመጠ። ጠመንጃውን ብቻ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ በቅሎዋ እሱን ሳበችው እንጂ እሱ በቅሎዋን አልሳበም። አዛውንቱ ታንኳውን እየገፉ አለባቸውን ትክ ብለው ያዩት ነበር።

«አንተ የነጋሽ ልጅ አይደለህም?» አሉት።

«ነኝ አባቴ።»

ከውኃው ስንወጣ ዋጋ አልቀበልም አሉ።

ያሳደሩን የደብሩ የቅኔ መምህር፣ መሪጌታ ፈንቴ ናቸው። እሳቸው የጽጌን ጾም ስለሚጾሙ ለራሳቸው ቆሎ ቆርጥመው ለእኛ እርጎና አይብ አቀረቡ። እኔ ያደግሁት የገብስ ጠላና የገብስ ቂጣ አገር ነው፤ እርጎ በዓመት በዓል የሚቀመስ ነው። እዚህ እንደ ውኃ ይቀዳል። መሪጌታ ጉዳያችንን ከሰሙ በኋላ ጢማቸውን እያሻሹ እንዲህ አሉ፦

«ቅዳሜ ሚካኤል ነው፤ ሰው ይሰበሰባል። አቀርብላችኋለሁ። ግን አትቸኩሉ። እዚህ አገር የሞተው ሰው ብቻ አይደለም የሚታሰበው፤ ገዳዩን ማን እንደሚጦረውም ይታሰባል።»

ዓርብ ዕለት ከቤት አልወጣም ብዬ ነበር፤ በምኔ ልውጣ? ጐረቤት የሆኑ አንድ ገበሬ ምርኩዜን ወስደው፣ ከታች በኩል ድስት መክደኛ የሚያህል ክብ እንጨት ቀርፈው ገጠሙበት። «ዳክዬ ለምን እንደማትሰምጥ አላየህም?» አሉኝ። እውነትም አልሰመጠም። እየተንገዳገድሁም ቢሆን ከመሪጌታ ጋር የአለባቸው ታናሽ ወንድም አቶ አብተው ቤት ሄድሁ።

አብተው ተነሥቶ ተቀበለን፣ ጠላ አስቀዳልን። ወንድሙን ግን «ደህና ነው?» ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ነገሩን ስነግረው ጠመንጃው ወደ ተንጠለጠለበት ምሰሶ አየ።

«መምህር፣ እርስዎ የሚያውቁት የታሰረውን ነው። የገደለው እሱ፣ የሚሸሸው እኔ። የተገኘ ልጅ አድጓል። ማሳ ስወጣ ያንን ይዤ ነው። ልጄን ስድር ሰርጉን በቀን ደግሼ አላውቅም። የሱን መሬት እያረስሁ የሱን ደም ተሸክሜ ኖሬአለሁ። ዋስ ሁን ካላችሁኝ እሆናለሁ፤ ግን መሬቱን ለእኔ ይልቀቅ። ሽባ መሬት ምን ያደርግለታል?»

ይህን ለአለባቸው ስነግረው ብዙ አልተናደደም። «እውነቱን ነው፤ ተቸግሯል» አለ። ቆይቶ ግን «መሬቴን ለቅቄ የምገባው የማን ቤት ነው? የወንድሜ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ከምለምን እዚያው ገመዴን ብገምድ ይሻለኛል» አለ። ደምለው አጠገባችን ልብሱን እያሰጣ ነበር። ሰንሰለቱን ከወረታ ረስቶ እንደመጣ ያን ጊዜ አየሁ። ወይም አልረሳውም።

ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ በሾላው ጥላ ተቀመጠ። አለባቸውን ከመካከል አስቀመጥነው። መሪጌታ አስረዱ፤ ቀጥሎ እኔ ምክትል አገረ ገዥው ያሉትን ተናገርሁ። ሽማግሌዎቹ ጠላት ሆነው አልተናገሩም፤ ግን ሁሉም ያው ነገር ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያው «ቃላችንን ሰጥተን ነገ ለማኝ ቢሆን የደብራችን ስም ነው» አለ። ሌላው «ቢታመም ማን ያነሣዋል? ሸክም ነው» አለ። አብተውም መሬቱን ከለቀቀ እዋሰዋለሁ ሲል ለሰው ሁሉ ደገመው።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ በኩል አንዲት ጥቁር ነጠላ የለበሰች ሴት ተነሣች። መሪጌታ ጠጋ ብለው «የተገኘ ሚስት፣ ወይዘሮ ውባለም» አሉኝ። አለባቸው ፊቱን ወደ መሬት ደፋ።

«ሸክም ሸክም ትላላችሁ» አለች። «የእኔን ሸክም ማን ጠየቀኝ? ልጄ ሰርግ ቤት ሲሄድ ‹የአባትህ ደም› ይሉታል። ገበያ ሲወጣ ‹የአባትህ ደም› ይሉታል። አብተው በታች ሲሄድ ልጄ በላይ ይሄዳል። አለባቸው እዚያ ቢታሰር ልጄም እዚህ ታስሯል። ገዳዩ ካልመጣ እርቅ የለም። እርቅ ካልወረደ ልጄ አንድ ቀን ሰው ይገድልና እሱም ወህኒ ይወርዳል። እኔ አለባቸውን አልወደውም። ግን ይምጣልኝ። ዋስ ከጠፋ እኔ እዋሰዋለሁ፤ መሬት አለኝ።»

የቁሐር ጭቃ ሹም ግራ ገባቸው። «ሴት ለባሏ ገዳይ ዋስ ስትሆን አይተን አናውቅም» አሉ።

«እንግዲያው ዛሬ እዩ» አለችና ተቀመጠች።

ደምለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «መምህር፣ አለቀ። ባለ መሬት ዋስ ተገኘ። ዛሬውኑ እንጨርስ።»

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ፤ ግን ወዲያው ወህኒ የቀሩት ትዝ አሉኝ። በባለ መሬት ዋስ ከወጣማ አለባቸው እንደ ማንኛውም እስረኛ ወጣ ማለት ነው። አገረ ገዥው «እነሆ፣ ዋስ ይገኛል» ይሉናል። እነዚያ የቀሩት እንደተቀመጡ ይቀራሉ። ደግሞስ ሰውየው ነጻ ሊወጣ ደጃፉ ላይ ደርሶ ሳለ እኔ ማን ነኝና «ቆይ፣ ለሌላው ስትል አትውጣ» የምለው? አጠገቡ ተቀመጥሁና እውነቱን ነገርሁት። የምትመርጠው አንተ ነህ አልሁት፤ በሷ ዋስትና ብትወጣ ማንም አይቀየምህም፣ እኔም አልቀየምህም አልሁት።

አለባቸው ከእንጨቶቹ ላይ ጭቃ እየፋቀ ቆየ።

«ዓይነ ስውሩን ዘለቀን ያውቁታል?» አለኝ። «ጧት ጧት ‹ዛሬ የማን ዘመድ መጣ?› ይለኛል። እኔ የምነግረው ነበርሁ። በሷ ብወጣ ለእኔ ሆነልኝ። ለሱስ ባለ መሬት ከየት ይመጣለታል?»

እንጨቶቹን ጨበጠና እየገፋ ወደ ወይዘሮ ውባለም ፊት ሄደ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። እግሯ ሥር ሲደርስ ቆመ።

«እመቤቴ፣ ለባልሽ ደም የምከፍለው የለኝም። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፌ ፈርቶ ነው የኖረው። ቃልሽን ግን አልቀበልም፤ ስለጠላሁት አይደለም። የገደልሁበት ቤት ዋስ ከሚሆነኝ ይልቅ የተወለድሁበት ደብር ይዋሰኝ። ሸክም የሚለኝ ካለ፣ ገመድ እገምዳለሁ፤ የፎገራ ከብት የሚታሰርበት ገመድ መቼም አይጠፋም። መሬቴንም ምርቱን በእኩል እየተካፈለ የሚያርስልኝ ይኖራል። እኔን ብቻ ሳይሆን እዚያ የቀሩትንም አስቡልኝ። እናንተ ቃል ከሰጣችሁ እነሱም ይወጣሉ።»

ወይዘሮ ውባለም አላለቀሰችም። «እርቁስ?» አለች።

«እርቁ አሁን ይሁን» አለ።

እዚያ አገር ደም ያለበት ሰው ሲታረቅ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ቆሞ ይቀርባል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህን አነሡ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ደንቡ እንዳይጎድል ብለው ነው። አለባቸው ድንጋዩን ከተሸከመ በምን እጁ ይሄዳል? እጁን ከተጠቀመ ድንጋዩን ማን ይይዝለታል? ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ ልነሣ ብዬ ምርኩዜን ፈለግሁ፤ ግን እኔ የውጭ ሰው ነኝ፣ አይገባኝም።

አብተው ተነሣ። ጠመንጃውን ለጎረቤቱ ሰጠ። ከቅጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ በማጅራቱ አደረገና መጥቶ ከወንድሙ ጎን ቆመ። አለባቸው ከተመለሰ ወዲህ ተያይተው አያውቁም ነበር፤ ያን ጊዜም አልተያዩም። አለባቸው በእጁ እየገፋ፣ አብተው ድንጋዩን ተሸክሞ፣ ጎን ለጎን ወደ ተገኘ ልጅ ቀረቡ። ልጁ ረጅም፣ ጢም ገና ያበቀለ፣ ኩታውን እስከ አፉ የተከናነበ ጎበዝ ነበር። ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው።

በመጨረሻ እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን ከአብተው ማጅራት ላይ አነሣና መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እግዚአብሔር ይፍታ» አለ።

ከዚያ በኋላ ንግግር አልበዛም። ጭቃ ሹሙ «እንግዲህ ቁሐር ሚካኤል ዋስ ነው፤ የሚቃወም ይነሣ» አሉ። የተነሣ የለም። መሬቱ የአለባቸው ሆኖ አብተው በእኩል እንዲያርሰው ሽማግሌዎቹ ወሰኑ። አብተው «እሺ» ሲል ከቁጣ ይልቅ የደከመው ሰው ድምፅ ነበረው፤ ሸክም እንዳወረደ ሰው።

እሑድን የዋልነው በየቤቱ እየተጠራን ነው። የበላሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ወይዘሮ ውባለምም አንድ ቅል እርጎ ላከች፤ ለአለባቸው አይደለም፣ ለእንግዶቹ ነው አለች፤ ግን እኛ እንግዶቹ ሁለት ስንሆን ቅሉ የሦስት ሰው ነበር። አለባቸው ቀኑን ሙሉ የወንድሙ ደጅ ተቀምጦ የሚያልፈውን ከብት ያይ ነበር። የአብተው ልጆች መጀመሪያ ፈሩት፤ ከሰዓት በኋላ ገመድ አገማመድ ያሳያቸው ጀመር።

ሰኞ ሽማግሌዎቹ ጭምር ወረታ ወረድን። የወረዳው ገዥ ደብሩ ቃሉን ያሰፈረበትን ወረቀት ደጋግመው አነበቡ። «ደብር ዋስ ሆኖ አያውቅም» አሉ፤ ቀጥለው «ግን የሚከለክል ሕግም አላውቅም» ብለው ማኅተማቸውን አኖሩበት። ከበሩ ውጭ አለባቸው እጄን ይዞ «ዘለቀ ሲጠይቅዎ፣ ዛሬ የመጣው የሱ ዘመድ ነው ይበሉት» አለኝ። ሽማግሌዎቹ በበቅሎ ይዘውት ወደ ቁሐር ሲመለሱ እኔና ደምለው መገንጠያው ላይ መኪና እየጠበቅን ቆመን ቀረን። ደምለው «ይዤው የሄድሁትን ሰው ሳልመልስ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ። ደስ ብሎት ነበር።

ምክትል አገረ ገዥው የተናገሩትን አልካዱም። የገና በዓል ሳይደርስ ትእዛዝ ወጣ፦ ዓይኑ የማያይ፣ እግሩ የማይሄድ እስረኛ ፍርዱን ሲጨርስ የደብሩ ቃል ይበቃዋል። ሁሉም ወዲያው ወጣ ብዬ አልዋሻችሁም። ዘለቀ ወጣ። የአንዱ ደብር ግን ሦስት ጊዜ መልእክት ልከን እምቢ አለ። ማኅበራችን እንጀራውን ይዞ መመላለሱን አላቆመም።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ፊደል ላስቆጥር ስሄድ ከወህኒ ቤቱ በር ላይ አቧራ የለበሱ ገበሬዎች ቆመው አገኘሁ። ከበለሳ ደጋ በእግራቸው የመጡ ናቸው። በትከሻቸው ቃሬዛ ተሸክመዋል። ዘበኛው ቃሬዛውን ሲያይ ቆቡን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር። የሞተው ማን ነው?» አላቸው።

አንጋፋው ሰውዬ አዩት። «የሞተብን የለም» አሉ። «ሽባ ልጃችን እዚህ አለ፤ ፍርዱን ጨርሷል አሉን። የቁሐር ሰዎች የራሳቸውን ወሰዱ ሲባል ሰማን። እኛ ከቁሐር እናንሳለን? ቤቱ ልናገባው ነው የመጣን።»